በመስታወት የገባ ፀሐይና ሌሎች የቫይታሚን ስህተቶች

በሕፃናት ክፍል ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት «ፀሐይ ታሞቂዋለሽ?» ብዬ ጠይቄ «አላሞቀውም» ያለችኝ እናት ትዝ አትለኝም። ሁሉም ያሞቃሉ። ታዲያ ዓመት ከመንፈቅ አልፎት ያልቆመ፣ እርግብግቢቱ ያልገጠመ፣ የእጁ አንጓ ያበጠ ልጅ ከየት ይመጣል?

አንዲት እናት ልጇን ይዛ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች ተብሎ መድኃኒት ወስዷል። ልብሱን ሳወልቅለት የጎድን አጥንቶቹ ጫፍ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ጉብ ጉብ ብሏል፤ ሪኬትስ ነው፤ በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት የሚላላበት በሽታ። «ፀሐይስ?» አልኳት። «አንድም ቀን አላጓደልኩም።» «የት?» «ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ውጭ ነፋስ አለ።» ባለፉት ሁለት ጊዜያትም ስለ ፀሐይ የጠየቅኋት እኔው ነበርኩ። «የት» ብዬ ግን አልጠየቅሁም ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን ያስገባል፤ ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር ግን ያስቀራል። ልጁ ይሞቃል፣ ያልበዋል፣ አጥንቱ ግን ምንም አያገኝም። በጋቢ ጠቅልሎ ፊቱን ብቻ ማሳየትም ከዚህ ብዙ አይሻልም። እባካችሁ ልብሱን አውልቁለት! ብርድ ይመታዋል፣ የሰው ዓይን ያየዋል እያላችሁ ቤት ውስጥ አትደብቁት። ጠዋት ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ይቆይ። ይህ የማይመች ከሆነ የቫይታሚን ዲ ጠብታ አለ፤ ለሕፃን በቀን 400 ዓለም አቀፍ ዩኒት ይሰጣል። የእናት ጡት ወተት ከምግብ ሁሉ ይበልጣል፣ ቫይታሚን ዲ ግን በውስጡ ጥቂት ነው። ካልሲየም ሽሮፕ ገዝቶ ማጠጣት ብቻውን አይበቃም፤ ካልሲየሙን ከአንጀት ወደ ደም የሚያስገባው ቫይታሚን ዲ ነውና። እግሩ የጎበጠውን ልጅ ደግሞ ወጌሻ ዘንድ አትውሰዱት። የላላ አጥንት ሲታሽ ይሰበራል።

ፎሊክ አሲድን እርግዝና ከታወቀ በኋላ መጀመር ሌላው የሚያንገበግበኝ ስህተት ነው። የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚያድጉበት ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ተዘግቶ ያልቃል፤ በደንብ እንዲዘጋ የሚረዳው ይህ ቫይታሚን ነው። በዚያ ጊዜ ብዙ ሴት የወር አበባዋ መዘግየቱን ገና መጠርጠሯ ነው። ለመውለድ ያሰበች ሴት ቢያንስ ከአንድ ወር አስቀድማ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም መውሰድ አለባት። ጀርባው ክፍት ሆኖ የተወለደ ሕፃን የታቀፈች እናት «ማንም አልነገረኝም» ስትለኝ መልስ የለኝም።

እጅና እግራቸው የሚደነዝዛቸው ሰዎች «የጉልበት መርፌ ውጉኝ» ይላሉ። መጀመሪያ ተመርመሩ፤ መደንዘዙ ከቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊመጣ ይችላል። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው በሥጋ፣ በዓሣ፣ በእንቁላልና በወተት ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች አንድ ጾም አያጎድለውም፤ የሚያሰጋው ዓመቱን ሙሉ የእንስሳት ተዋጽኦ የማይቀምሱትንና ጨጓራቸው የተጎዳባቸውን አረጋውያን ነው። ለእነዚህ ሰዎች ደም ማነስ ተብሎ ፎሊክ አሲድ ብቻ ሲሰጥ ደማቸው ይስተካከላል፣ የነርቭ ጉዳቱ ግን ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል።

የቫይታሚን ኤ ጠብታ «ባለፈው ወስዷል» ተብሎ አይቀርም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ድረስ በየ6 ወሩ ነው። ይህ ቫይታሚን አንሶት ዳፍንት የያዘው ልጅ ሲመሽ ዕቃ እየገጨ ይወድቃል፤ ቤተሰቡ ግን ቀልቃላ ነው ብሎ ይቆጣዋል። ካሮትና ጎመን ስትሰጡት ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ይግባበት፤ ይህ ቫይታሚን ያለ ቅባት በደንብ አይመጠጥም።

ከምግብ ጋር ሻይ አትጠጡ፣ በምግቡ ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን እንዳይመጠጥ ያግዳል። ጥሬ ቃሪያ ወይም ብርቱካን ግን በቫይታሚን ሲው ያግዘዋል።

አራስ ልጃቸው መርፌ እንዳይወጋ የሚለምኑኝ አያቶችም አሉ። ርኅራኄያቸው ይገባኛል። ነገር ግን ሕፃን ሲወለድ ደም የሚያረጋው ቫይታሚን ኬ በሰውነቱ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከእትብቱ ወይም አንጎሉ ውስጥ ሊደማ ይችላል። ጭኑ ላይ የሚሰጠው 1 ሚሊግራም ይህን ይከላከላል። ልጁ ቤት ውስጥ ከተወለደ እናቲቱ እስክትጠነክር አትጠብቁ፤ በዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ አምጡት።