ያፈላ ላንድክሩዘር፦ የ1ኤችዜድ ቴስታ አወራረድና አገጣጠም

አዳማ ውስጥ በየግቢው ጥግ ጎማው ተንፍሶ የቆመ አሮጌ ላንድክሩዘር አይጠፋም። ባለቤቱን ቢጠይቁ «ሞተሩ ውሃና ዘይት ቀላቅሏል» ይላል። ጓርኒሲዮን (በቴስታና በብሎክ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ቀይሮ ቴስታ (ብሎኩን ከላይ የሚከድነውን የሞተር ክፍል) መዝጋት ከባድ ሥራ አይደለም። ለምን እንዳፈላ ሳይታወቅ የተዘጋ ቴስታ ግን ብዙም ሳይቆይ እንደገና ይወርዳል። ከዚህ በታች ያለው ለ1ኤችዜድ ነው፤ ባለ 6 ፒስቶን፣ 4,164 ሲሲ ናፍጣ ሞተር። ብሎኩም ቴስታውም ድፍን ብረት ስለሆኑ ብዙ ይታገሳሉ፤ ከመጠን በላይ ሲግሉ ግን ቴስታው በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል።

ከመፍታት በፊት

ጠዋት ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ ረዳት ያስነሳው። ውሃው ሳይሞቅ ተከታታይ አረፋ ከወጣ፣ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ክዳኑን ዘግታችሁ ስታስነሱ የላይኛው ቱቦ በአንድ ሁለት ደቂቃ እንደ ድንጋይ ከጠነከረም ምልክቱ ያው ነው።

የዘይት መለኪያው ላይ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካያችሁ ውሃ ገብቷል። ራዲያተሩ ውስጥ ዘይት ተንሳፍፎ አረፋ ግን ከሌለ አትቸኩሉ፤ ይህ ሞተር ብሎኩ ጎን ላይ የዘይት ማቀዝቀዣ አለው፣ እሱ ሲበሳ ዘይቱ በግፊት ወደ ውሃው ያልፋል። በዚህ ምክንያት ደህና ቴስታ በከንቱ የሚያወርድ ብዙ ነው።

ካንዴላዎቹን (ማሞቂያዎቹን) አውጥታችሁ በናፍጣ ሞተር መለኪያ ኮምፕሬሽን (ፒስቶኑ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) ለኩ፤ የቤንዚኑ መለኪያ ይፈነዳል። ባሕር ጠለል ላይ ጤነኛ 1ኤችዜድ ወደ 37 ባር ይሰጣል። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቷል፣ ንባቡም በስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ 30 ቢያሳይ አትደንግጡ። ዋናው በፒስቶኖቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ5 ባር መብለጥ የለበትም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፒስቶኖች አብረው ከወረዱ ጓርኒሲዮኑ በመካከላቸው ተበልቷል።

ማውረድ

ባትሪውን ንቀሉ፣ ውሃና ዘይት አፍስሱ። ታይሚንግ ችንጋውን ከማውጣታችሁ በፊት ምልክቶቹን አገጣጥማችሁ በቀለም አድምቋቸው። የናፍጣ ቱቦዎቹን ስትፈቱ የኖዝሎቹንም (የናፍጣ መርጫዎቹን) የፖምፓውንም አፍ በንጹሕ ጨርቅ ዝጉ። የቴስታውን ብሎኖች ከዳርና ከዳር ወደ መሃል፣ በሁለት ሦስት ዙር አላሉ፤ መሃሉን ቀድሞ የፈታ ቴስታውን ራሱ ያጣምመዋል። ካርቶን ላይ እንደ ቴስታው አቀማመጥ ቀዳዳ በስታችሁ እያንዳንዱን ብሎን በቦታው ሰኩ። ቴስታውን ለብቻ ለማንሳት አትሞክሩ፤ ሁለት ሰው ወይም ፓራንኮ (በሰንሰለት ማንሻ) ያስፈልጋል።

ልኬት

የድሮውን ጓርኒሲዮን ከጠርዙ ጥርስ ምልክት ጋር አስቀምጡ። በተለያየ ውፍረት ይሠራል፤ የሚመረጠውም ፒስቶኑ ከብሎኩ ፊት በሚወጣው መጠን ነው። ፒስቶን ካልተቀየረና ብሎኩ ካልተላጨ ያንኑ ምልክት ግዙ። «ሁሉም አንድ ነው» የሚል ሻጭ አትመኑ።

ቴስታውን አጽድታችሁ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በርዝመት፣ በጎንና በሰያፍ አሳርፉ። 0.10 ሚሊ ሜትር ፊለር (ስስ የክፍተት መለኪያ ብረት) ከሥር የሚያልፍ ከሆነ ወደ ሬቲፊካ ቤት (ቴስታ ወደሚላጭበት) ይሄዳል። እዚያም ከማስላጨት በፊት በግፊት ይፈተሽ፤ ለተሰነጠቀ ቴስታ የመላጫ ገንዘብ መክፈል ትርፉ ኪሳራ ነው። ሲላጭ ቫልቮቹ ወደ ፒስቶኑ ስለሚጠጉ ጥልቀታቸው ተለክቶ መቀመጫቸው መስተካከል አለበት። ፑንተሪያው (የቫልቮቹ ክፍተት) የሚስተካከለው በሺም (በስስ ክብ ብረት) ስለሆነ ከዚያ በኋላ እንደገና ይለካል፤ በቀዝቃዛው ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.40 ሚሊ ሜትር ነው።

የብሎኩን ፊት በምላጭ ፋቁ እንጂ በማሽን ብራሽ አትንኩት። የብራሹ ብናኝ ከዘይት ጋር ዞሮ ብሮንዚን (የኮሎውን ማረፊያ ብረት) ይበላል።

መግጠም

ከሁሉ አስቀድሞ የብሎን ጉድጓዶቹን በአየር ንፉ። ጉድጓዱ ውስጥ የቀረ ዘይት ወይም ውሃ ብሎኑ ሲጠብቅ የሚሸሽበት የለውምና ብሎኩን ይሰነጥቃል። ጓርኒሲዮኑን ደረቅ አስቀምጡ፤ ማስቲሽ አይቀባም። የብሎኖቹን ጥርስና የራሳቸውን ሥር በዘይት አስነኩ፤ የተሳቡትን በአዲስ ተኩ።

ከመሃል ወደ ዳር እየሄዳችሁ በተለያዩ ዙሮች እስከ 69 ኒውተን ሜትር አድርሱ። ከዚያ በእያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ በአንድ አቅጣጫ የቀለም ነጥብ አድርጋችሁ ሁሉንም 90 ዲግሪ፣ አሁንም ሁሉንም 90 ዲግሪ አዙሩ። ነጥቦቹ በሙሉ ከመነሻቸው በተቃራኒ ማየት አለባቸው። በዲግሪ የጠበቀ ብሎን ሞተሩ ሠርቶ ከበረደ በኋላ ዳግም አይጠብቅም፤ ይህ የድሮ ሞተር ልማድ ነው።

ችንጋውን በምልክቱ ግጠሙና ኮሎውን (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ከተያዘ አታስገድዱት፤ ቫልቭ ፒስቶን ነክቷል። ምልክቱ ተመልሶ ሲገጥም ብቻ ሞተሪኖ (ማስነሻው) ይነካል።

ለምን አፈላ?

አዳማ ላይ ክፍት ውሃ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከዚያ በላይ የሚያዘልቀው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው፤ ጎማው የደረቀ ርካሽ ክዳን ሞተር ያስወርዳል። ራዲያተሩን ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በውሃ እጠቡ፤ በክንፎቹ መካከል አቧራና ጭድ ጠቅጥቆ ታገኛላችሁ። ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥላችሁ ድስት ውስጥ አሙቁት፤ ውሃው ፈልቶ እሱ ካልተከፈተ ጣሉት፣ በቦታው ግን አዲስ ግጠሙ። ያለ ቴርሞስታት መንዳት ይሻላል የሚለው ምክር ስህተት ነው፤ የግርጌ ዲስክ ያለው ዓይነት ሲወጣ ሙቁ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ አቋርጦ ይመለሳል።

ውርጭ የለም ብላችሁ ኩላንት አትተዉ፤ ዝገት የሚከላከለው እሱ ነው። ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅሉ። የጉድጓድ ውሃ ማዕድኑ ይበዛል፣ ቱቦዎቹንም ይደፍናል።

ሙከራ

ውሃ ከገባበት ሞተር በርካሽ ዘይት አሥር ደቂቃ ያህል ያለ ጭነት አሠርታችሁ አፍስሱት፤ ከዚያ አዲስ ዘይትና ፊልትሮ። የመጀመሪያው ቀን ከተማ ውስጥ ብቻ ንዱ። በማግስቱ በአሰላ መንገድ ውጡ፤ እስከ አዋሽ መልካሳ ቁልቁለቱ ምንም አይነግራችሁም፣ ከዴራ ወደ ኢተያ ሽቅቡ ላይ የሙቀት ጠቋሚውን ተከታተሉ። ከፍ ማለት ከጀመረ ቁሙና ሞተሩን በዝግታ አሠሩት፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ። ካልጨመረ ተመልሳችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ክዳኑን ከፍታችሁ የውሃውን ልክ እዩ፣ የዘይት መለኪያውንም ሳቡ።