አዲስ ዕቃ ጫኝ፦ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ወገብህን ሳትጎዳ እንዴት ታልፋለህ?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ፣ ዕቃ መላኪያ ድርጅት ውስጥ በጫኝነት ተቀጠርክ እንበል። ሰው ሁሉ «ጉልበቱ አለህ?» ብሎ ይጠይቅሃል። ጉልበቱስ ይመጣል። እኔ እንደማየው በዚህ ሥራ ቶሎ የሚወድቀው ደካማው አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን ጉልበቱን ለማሳየት የተጣደፈው ነው።

1. ከቤት ስትወጣ

ሸበጥ አድርገህ እንዳትሄድ። ጣት የሚሸፍንና ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልግሃል። መዳፉ ጎማ የተቀባ ጓንትም ያዝ። ድርጅቱ እነዚህን ካልሰጠህ ጠይቅ፤ የአደጋ መከላከያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ቀለበትና ሐብል ቤት ይቅሩ።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ በጣም ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቷም ሌላ ነው። ጠዋት ደሴ ላይ ጃኬት ለብሶ የወጣ ሰው ረፋድ ላይ ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ ላብ በላብ ይሆናል። ስለዚህ ስስ ስስ ልብስ ደራርበህ ልበስና ሲሞቅህ እያወለቅህ ሥራ። ውኃ እስኪጠማህ አትጠብቅ። ሻይ በዳቦ ብቻውን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በሶ ቋጥረህ ያዝ። ርካሽ ነው፣ ሆድም ይይዛል።

2. አትሩጥ

ሁለት ካርቶን ደራርቦ አንዴ ከመሄድ አንድ አንዱን ይዞ ሁለቴ መመላለስ ይሻላል። ደራርበህ ስትሸከም ፊትህን አታይም፤ ደረጃና ገመድ የሚጥልህ ያኔ ነው። የቆዩትን ጫኞች ልብ ብለህ እያቸው። ቀስ ያሉ ይመስላሉ፣ ግን አይቆሙም።

ሰውነትህን በጣም የሚያምህ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ነው። ያልለመደ ጡንቻ ጠባዩ ነው። «አብሽር፣ ይለቅሃል» ይሉሃል፣ ልክ ናቸው። ነገር ግን ከወገብ ተነሥቶ ወደ እግር የሚወርድ የሚወጋ ሕመም ወይም መደንዘዝ ከመጣ በ«አብሽር» አይታለፍም። ሥራውን አቁም፣ ለአለቃህ ንገር፣ ሐኪም ይይህ።

3. አነሣሥ

መጀመሪያ ክብደቱን ፈትን። የካርቶኑን አንድ ጥግ ብድግ አድርገው ወይም በእግርህ ገፋ አድርገው። ትንሽ ሆኖ ብሎን የሞላበት ካርቶን ብዙ ጎበዝ አታሏል።

ከዚያ እግርህን ከፈት፣ አንዱን ትንሽ ወደ ፊት አድርግ። ጉልበትህን እጠፍ፣ ወገብህን አታጉብጥ። ዕቃውን ከሆድህ ጋር አጣብቀህ በእግርህ ኃይል ተነሣ። መዞር ስትፈልግ እግርህን አዙር። ዕቃ ይዞ እግርን ተክሎ ወገብን ብቻ መጠምዘዝ ከዚህ ሥራ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ በተለይ ሲደክምህና መኪናው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይመጣል።

ስንት ኪሎ ይበዛል? ኒዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ሁሉም ነገር በተመቻቸበት ሁኔታ እንኳ ለአንድ ሰው 23 ኪሎን እንደ ጣሪያ ይመክራል። እኛ አገር ኩንታል በትከሻው የሚያነሣ ሰው ይደነቃል። ይደነቅ፤ አንተ ግን አትከተለው። ከባዱን ለሁለት አንሡ፣ ቆጥሮ የሚያዝዘው አንዱ ብቻ ይሁን። ጋሪ ካለ ጋሪ ተጠቀም፤ ከምትጎትተው ይልቅ ግፋው።

4. አጫጫን

ጭንቅላት የሚጠይቀው እዚህ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን የሚሄድ አይሱዙ እየጫንክ ነው እንበል። መንገዱ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ወልድያ፣ ቆቦ ነው። ቀድሞ የሚገባው የቆቦው ዕቃ ነው፣ እስከ ጋቢናው ጀርባ ድረስ። የሐይቁ መጨረሻ ገብቶ በሩ ጋ ይቀመጣል። ይህን ካበላሸህ ረዳቱ ሐይቅ ላይ ግማሹን ጭነት አውርዶ እንደገና ይጭናል፣ ስምህን እያነሣ።

በየከተማው ክፍል ውስጥ ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይሁን። ካርቶኖቹን እንደ ጡብ ግንብ አሰባጥረህ ደርድር፤ መጋጠሚያው በመጋጠሚያ ላይ አይዋል። ክፍተት ከተረፈ የልብስ እሽግ ወትፍበት። ወደ ደቡብ የሚወርድ መኪና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ማለፍ አለበት፣ ያ ጠመዝማዛ ደግሞ ያልጠበቀ ጭነትን አይምርም። መኪናው ሳይነሣ ቀጥ ብሎ የቆመ ድርድር ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ተንዶ ታገኘዋለህ። በሩ ሲከፈት ደግሞ የሚወድቀው በሚከፍተው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ረድፍ በገመድ እሰር።

ቅቤ፣ ማርና ዘይት ለብቻቸው ይቀመጡ፤ ክዳናቸው ወደ ላይ፣ ከልብስና ከወረቀት ራቅ ብለው፣ ወለል ላይ። ደሴ ላይ የረጋ ቅቤ ቆላ ሲወርድ ይቀልጣል። ቀድሞ የተቀደደ ወይም የረጠበ ዕቃ ካገኘህ ሳትጭነው በፊት ፎቶ አንሥተህ ለተቆጣጣሪው አሳየው። ዝም ብለህ ከጫንከው ሰባሪው አንተ ትሆናለህ።

5. አድራሻ አንብብ

«ፒያሳ» ብቻ የተጻፈበትን አትመን፤ ፒያሳ ደሴም አለ፣ ጎንደርም አዲስ አበባም አለ። ኮምቦልቻም ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ሌላ አለ። ከተጠራጠርክ ጽሑፉ ላይ ባለው ስልክ ይደወል።

6. ከሰው ጋር

በዕድሜ የሚበልጥህን ሹፌር «ጋሼ» በለው፣ የጫንከውንም አሳየው። ጭነቱን ይዞ የሚሄደው እሱ ነው።

ወሎ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። የሥራ ባልደረቦችህ ሙስሊምም ክርስቲያንም ናቸው። ረመዳንና ሁዳዴ የሚገጣጠሙባቸው ዓመታትም አሉ። በረመዳን ከሰዓት በኋላ ከባዱን የማይጾመው ይያዝ፣ የጾመው ስካነሩንና ምዝገባውን ይውሰድ። ለጁምዓ የሚሄደውን ተካው፣ እሱ ደግሞ ለገና ሥራህን ይሸፍንልሃል። ይህ አለቃ በማስታወቂያ ሲያወጣው አይጥምም፤ ሠራተኛው እርስ በርሱ ሲስማማ ነው የሚያምረው። የበዓል ሰሞን ዕቃው ስለሚበዛ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

7. ሰዓትህን ጻፍ

ማታ ማታ የገባህበትንና የወጣህበትን ሰዓት ደብተር ላይ አስፍር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 መብለጥ የለበትም። ክፍያው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። «ሙከራ ላይ ነህ» እየተባልክ ከዚያ በላይ ከቆየህ ጠይቅ።

ሥራ ላይ ከተጎዳህ በዕለቱ አሳውቅ፣ ያየውን ሰው ስም ያዝ። የሐኪሙን ወረቀት ዋናውን ከመስጠትህ በፊት ፎቶ አንሣው፤ የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነውና ማስረጃው እጅህ ላይ ይቆይ።