ባትሪ ተቀይሮም የማይጠፋ የባትሪ ምልክት፦ በፒክአፕ ላይ ጥፋቱን ለክቶ ማግኘት

ቀይዋ የባትሪ ምልክት በርታ አልጠፋ ካለች፣ ወይም ቮልቴጅ አነሰ የሚል ጽሑፍ በየማለዳው ዳሽቦርዱ ላይ ከመጣ፣ ሶማሌ ተራ ወርደው አዲስ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ። አዲስ ባትሪ ቻርጅ ይዞ ስለሚመጣ ለሳምንት ለሁለት ሳምንት መኪናውን ጥሩ ያስመስለዋል። ዲናሞው (ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ አምርቶ ባትሪውን የሚሞላው) ወይም ማሳው (ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ቦዲውና ወደ ሞተሩ የሚሄደው ገመድ) ካልተስተካከለ ግን እሱም ባዶውን ይቀራል፤ ያኔ «ባትሪው ፎርጅድ ነው» ይባልና ሌላ ይገዛል። ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ደህና ባትሪ ጥሏል።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ዲጂታል ቴስተር፣ 10 ቁጥር ቁልፍ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ጓንትና መነጽር። ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ ያድርጉት።

መጀመሪያ የሚለካው ያረፈ ባትሪ ነው። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ጠዋት ቁልፍ ሳይዞር ይለኩ። 12.6 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ ገደማ፣ 12.0 እና ከዚያ በታች ወደ ባዶ የተጠጋ ነው። ቀጥሎ ሰው እንዲያስነሳልዎ አድርገው ሞተሪኖው (ማስነሻ ሞተሩ) ሲዞር ቁጥሩን ይከታተሉ። ሙሉ የነበረው ባትሪ ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው አርጅቷል፣ ወይ ሞተሪኖው ከሚገባው በላይ ይስባል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳም ይበርዳል። የናፍጣ ሞተር በዚህ ወቅት ካንዴሌታውን (ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቀውን) ረዘም አድርጎ ያሞቃል፣ ሞተሪኖውም ቶሎ አያስነሳውም። ስለዚህ ደካማ ባትሪ መጀመሪያ የሚጋለጠው በእነዚህ ወራት ነው።

ባትሪው የሚከፈት ዓይነት ከሆነ ውሃውን ይዩ። ፈሳሹ ውስጡ ካሉት የእርሳስ ሳህኖች በላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር መሸፈን አለበት። ሲጎድል የሚጨመረው ዲስትልድ ውሃ ብቻ ነው። አሲድ አይጨመርም፤ የተነነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም፣ የተጨመረው አሲድ ሳህኖቹን ይበላል። የቧንቧ ውሃም ማዕድን ስላለው ሴሉን ያበላሻል።

አሁን ሞተሩን ያስነሱ። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ)፣ መብራት ሁሉ ጠፍቶ፣ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መነበብ አለበት። ትልቁን መብራትና የአየር ማራገቢያውን ያብሩ፣ ሞተሩን ወደ 2,000 ዙር ከፍ ያድርጉ፤ ከ13.5 በታች መውረድ የለበትም። ቁጥሩ 12 ተኩል አካባቢ ቆሞ እያደር ከቀነሰ ዲናሞው ቻርጅ አያደርግም። ከ15 ካለፈ ደግሞ ረጉላተሩ (የዲናሞውን ቮልቴጅ የሚቆጣጠረው) ሞቷል፣ ባትሪው እየፈላ ነው፤ ውሃው ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት መኪና አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። እንደ ፎርድ ሬንጀር ባሉ አዳዲስ ፒክአፖች ላይ ኮምፒውተሩ ባትሪው ሲሞላ ቮልቴጁን ሆን ብሎ ዝቅ ስለሚያደርገው 12.8 አይተው አይደንግጡ፤ ትልቁን መብራት አብርተው ደግመው ይለኩ።

ለምሳሌ ዲናሞው ላይ 14.2 ይመረታል፣ ባትሪው ጋ 13.4 ብቻ ይደርሳል። መሀል ላይ የቀረው 0.8 ቮልት የት ገባ? ብዙው ሥራ የተደበቀው እዚህ ነው፤ መካኒኮችም ብዙ ጊዜ የሚያልፉት ይህን ነው። ሞተሩ በ2,000 ዙር እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የዲናሞው ወፍራም ሽቦ የታሰረበት ብሎን ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ያድርጉ። ከ0.3 በላይ ካነበበ ጥፋቱ በዚያ መስመር ነው። ቀጥለው አንዱን ጫፍ የዲናሞው አካል ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያድርጉ፤ እዚህ ከ0.2 ማለፍ የለበትም። ሲለኩ ጫፉን ሞርሴቶው (የገመዱ ማሰሪያ) ላይ ሳይሆን እርሳሱ (ከባትሪው የወጣው ምሰሶ) ላይ ይጫኑት፤ ብዙ ጊዜ ቮልቱ የሚጠፋው በሁለቱ መካከል ነውና። ቁጥሩ ከ0.2 ካለፈ አንዱን ጫፍ ኔጌቲቩ እርሳስ ላይ እንደያዙ ሌላውን ደረጃ በደረጃ ያራምዱ፦ ሞርሴቶው፣ የገመዱ ጫፍ፣ ቦዲው ላይ ያለው ብሎን፣ የሞተሩ ብሎክ። ቁጥሩ ድንገት የዘለለበት ቦታ ጥፋቱ ነው።

ቦታውን ሲያገኙ ቀርበው ያስተውሉት። ሞርሴቶው ሥር ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ይኖራል። ገመዱ ከጫፉ አጠገብ በጣት ሲታጠፍ ደረቅ ብሎ ይንኮሻኮሻል፤ ላስቲኩ ሲላጥ መዳቡ ጠቁሮ ይገኛል። የማሳው ብሎን ከውጭ ጠብቆ ይታያል፣ ተፈቶ ሲነሳ ግን ከሥሩ ዝገት ወይም ቀለም አለ። ሞተር ወርዶ ሲገባ የሞተሩ ማሳ ሳይታሰር መቅረቱም የተለመደ ነው። ሰፍቶ ሚስማር ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ የተሸጎጠበትን ሞርሴቶ አውጥተው ይጣሉት፤ በቀጭን ሚስማር በኩል የሞተሪኖ ኃይል አያልፍም። የክረምት ጭቃና ላቫጆ ላይ በኃይል የሚረጨው ውሃ ይህን ሁሉ ያፋጥኑታል።

ሲያጸዱ ሁልጊዜ ኔጌቲቩን መጀመሪያ ይፍቱ፣ መጨረሻ ይሰሩ። ፖዘቲቩን ቀድመው ከፈቱ ቁልፉ ቦዲ በነካ ቅጽበት ብልጭታ ይፈጠራል፣ ባትሪው አጠገብ ደግሞ ሃይድሮጅን ጋዝ አለ። አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ በጥብጠው ዱቄቱን ይጠቡት፤ ሴሉ ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ ይጥበቁ። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይፈትጉት፣ ያጥብቁት፣ ከዚያ በላዩ ቫዝሊን ወይም ግሪስ ይቀቡ።

ሞተሩ እየሠራ ሞርሴቶ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚባለውን ፍተሻ ማንም እንዲያደርግብዎ አይፍቀዱ። ባትሪው በተነቀለበት ቅጽበት የዲናሞው ቮልቴጅ ከ40 በላይ ሊዘል ይችላል፤ ዳዮዱን (የዲናሞውን ኤሲ ወደ ዲሲ የሚቀይረውን)፣ ረጉላተሩን፣ ኮምፒውተሩንም ያቃጥላል።

መስመሩ ንጹህ ሆኖ ዲናሞው ራሱ ቻርጅ ካላደረገ ከቺንጋው (ዲናሞውን ከሚያዞረው ቀበቶ) ይጀምሩ። በዝናብ ቀን መብራት ሲበራ የሚጮኽ፣ ጎኑ እንደ መስታወት ያብለጨለጨ ቺንጋ ይንሸራተታል። መሀሉ ላይ በአውራ ጣት ጠንከር ተደርጎ ሲጫን 10 ሚሊ ሜትር ገደማ መግባት ይበቃዋል። ቀጥሎ ቁልፉን ከፍተው ሞተሩን ሳያስነሱ ምልክቷን ይዩ፤ ካልበራች ፊውዙ፣ አምፖሏ ወይም የዲናሞው ካርቦን (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው) ነው። ካርቦኑ አዲስ ሲሆን ከመያዣው ውጭ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይታያል፤ ወደ 2 ከወረደ ካርቦኑ ብቻ ይቀየር፣ ሙሉ ዲናሞ መግዛት አያስፈልግም። ለዳዮድ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አዙረው ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ይለኩ፤ ከ0.5 ካለፈ ዳዮድ ተበላሽቷል። በ2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል ሞተር የቆዩ ሂሉክሶች ላይ የፍሬን ቫኪዩም ፓምፑ ዲናሞው ጀርባ ላይ ስለሆነ፣ ዘይት ካንጠባጠበ ካርቦኑን ያበላሸዋል፤ ዘይቱ ሳይቆም ካርቦን መቀየር ትርፉ ድካም ነው። በእነዚህ መኪኖች ቺንጋ ከተበጠሰ ፍሬኑም ስለሚደርቅ ወዲያው ዳር ይዘው ይቁሙ።

ሁሉም ደህና ሆኖ ባትሪው በየጠዋቱ 12.2 ካነበበ ሁለት ነገር ይቀራል። አንዱ አጠቃቀም ነው፦ ከሜክሲኮ ለገሃር፣ ከለገሃር ፒያሳ በመጨናነቅ ሚኒሞ ላይ እየቆመ፣ መብራትና ማራገቢያ በርቶ የሚውል መኪና ባትሪውን መሙላት አይችልም። ሌላው ማታ የሚስብ ነገር ነው። ኔጌቲቩን ፈትተው ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ በሞርሴቶውና በእርሳሱ መካከል ያስገቡ፣ በሮቹን ዘግተው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ቁልፍ አይክፈቱ፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ጤናማ መኪና ከ0.05 አምፔር በታች ይስባል። 0.5 ከሳበ በቀን 12 አምፔር ሰዓት ይሄዳል፤ 70 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ በሦስት ቀን ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ፊውዞችን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩ የሚወርድበትን ይፈልጉ። ከፋብሪካ በኋላ የተገጠሙት ጂፒኤስ፣ አላርምና አምፕሊፋየር ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው፤ ቀጥታ ከባትሪው ከተወሰዱ ግን በፊውዝ ሳጥኑ በኩል ስለማያልፉ ለየብቻ ይንቀሏቸው። ምንም ካልተገኘ የዲናሞው ዳዮድ ወደ ኋላ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

ጥፋቱ ከተስተካከለ በኋላ ባትሪውን ከመኪናው ውጭ ቻርጅ ያስደርጉ። ለ70ው ባትሪ 7 አምፔር ይበቃል፤ ቻርጅ የሚያደርገውን ሰው «በቀስታ፣ እስኪሞላ ይደር» ይበሉት፣ በከፍተኛ አምፔር በአንድ ሰዓት የተሞላ ባትሪ ሳህኑ ይጎዳል። ገጥመው አንድ ሌሊት አሳድረው ጠዋት ቁልፍ ሳይነኩ እንደገና ይለኩ። 12.6 ካነበበ አብቅቷል፤ 12.3 ካነበበና የሌሊቱ ስበት ከ0.05 በታች ከነበረ፣ አሁን ባትሪውን መቀየር ይችላሉ።