በፕሮቤት ሂደት ላይ ያለ ቤት ከመግዛት በፊት የስቴቱን ሕግ እንዴት ማጣራት ይቻላል

በዋሽንግተን ዙሪያ በሚኖረው ማኅበረሰባችን ዘንድ «ልጆቹ ቤቱን ሊሸጡት ነው አሉ» የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የሟቹ አርባ ሳይወጣ ነው። ቤቱን ለትርፍ ሊገዛ ያሰበ ሰው ግን ከዋጋው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ሽያጩን የመፈረም ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ነው። በአገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ውርስን በአንድ ሥርዓት ስለሚገዛ አሜሪካም እንዲሁ ትመስለናለች፤ ፕሮቤት የሚባለው የሟችን ንብረት የማጣራትና የማስተላለፍ ሥርዓት ግን የሚመራው በየስቴቱ ሕግ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የሠራ አካሄድ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ የትኛውን ስቴት ሕግ ማንበብ እንደሚገባ መለየት ነው። ሽያጩን የሚገዛው ቤቱ የሚገኝበት ስቴት ሕግ እንጂ ሟቹ ይኖርበት የነበረው አይደለም። ሟቹ በሜሪላንድ ኖሮ ቤቱ ቨርጂኒያ ከሆነ፣ ሜሪላንድ ላይ ለውርስ አጣሪው (የሟቹን ንብረት እንዲያስተዳድር ለተሾመው ሰው) የተሰጠው የሹመት ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም።

ቀጥሎ የሻጩን ሥልጣን ያረጋግጡ፤ ከሁሉም ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። በሜሪላንድ ጉዳዩ የሚከፈተው በየካውንቲው ባለው የኑዛዜ መዝጋቢ ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ የተሾመው ውርስ አጣሪ በመደበኛው አሠራር የፍርድ ቤት የተለየ ፈቃድ ሳያስፈልገው ቤቱን መሸጥ ይችላል። በቨርጂኒያ ግን ቤቱ እንደ ደንቡ ሟቹ እንዳረፈ በቀጥታ ለወራሾቹ ይተላለፋል፤ ኑዛዜው እንዲሸጥ ካላዘዘ ወይም የመሸጥ ሥልጣን ካልሰጠ በቀር አጣሪው በቤቱ ላይ የሚያዝበት ነገር የለም። ባልና ሚስት ያለ ኑዛዜ ሞተው አምስት ልጆች ቢተዉ የአምስቱም ፊርማ ያስፈልጋል፤ አንዱ አዲስ አበባ የሚኖር ከሆነም የእርሱ ፊርማ ወይም በአግባቡ የተረጋገጠ ውክልናው ሳይገኝ ሙሉው ቤት ለገዢው አይተላለፍም። «ታላቅ ወንድማቸው ተስማምቷል» የሚባለው ቃል ለሽማግሌ እንጂ ለካውንቲው መዝገብ ማስረጃ አይሆንም።

ከዚያም ፍርድ ቤቱ ሽያጩን ማጽደቅ ይኖርበት እንደሆነ ይመርምሩ። በቴክሳስ በብዛት በሚሠራበት «ነጻ አስተዳደር» በሚባለው አካሄድ፣ ኑዛዜው የመሸጥ ሥልጣን የሰጠው አጣሪ ዳኛ ሳይጠይቅ ይሸጣል፤ በቴክሳስ ልምድ ብቻ ሥልጠና የሚሰጡ ሰዎችን ምክር ሌላ ስቴት ላይ መከተል አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በካሊፎርኒያ ሙሉ ሥልጣን ያለው አጣሪ ሽያጩን ከመፈጸሙ ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ ለሚመለከታቸው ወገኖች ያስታውቃል፤ ተቃውሞ ካልቀረበም ይሸጣል። ሥልጣኑ የተገደበ ከሆነ ግን የቀረበው ዋጋ ለቤቱ ከተገመተው ዋጋ 90 በመቶ ማነስ የለበትም፤ በችሎቱ ዕለትም ሌላ ተጫራች ቀርቦ ቤቱን ሊወስደው ይችላል። ይህ ተጫራች ማቅረብ ያለበት የመጀመሪያው ጭማሪ የሚሰላው ከተስማሙበት ዋጋ በመጀመሪያው 10,000 ዶላር ላይ 10 በመቶ፣ በቀሪው ላይ 5 በመቶ ተደርጎ ነው። በ500,000 ዶላር የተስማሙበት ቤት ቢሆን ተወዳዳሪው ቢያንስ 525,500 ዶላር ማቅረብ አለበት ማለት ነው፤ ለቤቱ ምርመራ ያወጡት ወጪ ግን በእርስዎ ላይ ይቀራል።

ሟቹ ዕዳ የነበረባቸው ገንዘብ ጠያቂዎች የሚቀርቡበት የጊዜ ገደብም እንደየስቴቱ ይለያያል። በሜሪላንድ በአጠቃላይ ከሞት በኋላ 6 ወር ወይም አጣሪው ማስታወቂያ ከላከ በኋላ 2 ወር፣ ከሁለቱ የሚቀድመው ነው። በቨርጂኒያ ወራሾቹ ሟቹ ባረፈ በአንድ ዓመት ውስጥ የሸጡት ቤት ለሟቹ ዕዳ ተጠያቂ ሊሆን ስለሚችል፣ ጊዜው ሳያልፍ መግዛት የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሞርጌጅ (በቤቱ መያዣነት የተወሰደ ብድር) እና ያልተከፈለ የቤት ግብር በቤቱ ላይ የተመዘገቡ ዕዳዎች በመሆናቸው ይህ ገደብ ስላለፈ አይጠፉም። ሟቹ ከ55 ዓመት በኋላ በሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ያገኘ ከሆነም፣ ስቴቱ ያወጣውን ገንዘብ ከውርሱ ሊጠይቅ ይችላል፤ እስከምን ድረስ እንደሚጠይቅ የሚወስነው ግን የስቴቱ ሕግ ነው።

ሕጉን በስቴቱ ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ አሁን በሥራ ላይ ባለው ቅጂው ያንብቡ፤ የፕሮቤቱንም መዝገብ ከፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት አስወጥተው ያመሳክሩ። ያገኙትን ይዘው በዚያው ስቴት ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያማክሩ፤ ታይትል ካምፓኒው (የባለቤትነቱን መዝገብ የሚያጣራው ድርጅት) የሚፈልጋቸውን ሰነዶችም በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ካምፓኒው የባለቤትነት ኢንሹራንስ ለመስጠት ፈቃደኛ ካልሆነ ቀብዱ እንዲመለስልዎ የሚል አንቀጽ በውሉ ውስጥ ያስገቡ። በፍርድ ቤት በሚጸድቅ ሽያጭ እንዲህ ያለው አንቀጽ ተቀባይነት ላያገኝ ስለሚችል፣ በዚያ ጊዜ ማጣራቱ በሙሉ ከችሎቱ ቀን በፊት ማለቅ አለበት።