የ48 ሰዓቱ የዳፍኒያ ሙከራ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ሙከራው በወረቀት ላይ ሲታይ የሚያስቸግር አይመስልም። ከተወለዱ 24 ሰዓት ያልሞላቸው የዳፍኒያ ማግና (ቅርፊት ያላት ጥቃቅን የውሃ እንስሳ) ጫጩቶች፣ ኬሚካሉ በተለያየ መጠን ወደ ተጨመረበት ውሃ ይገባሉ። ምግብ ሳይሰጣቸው፣ አየር ሳይነፋላቸው 48 ሰዓት ይቆያሉ። በ24ኛውና በ48ኛው ሰዓት ስንቱ መዋኘት እንዳቆመ ይቆጠራል፤ ከቆጠራውም ግማሾቹን ከመዋኘት የሚያግደው መጠን፣ ኢሲ50 የሚባለው፣ ይሰላል። የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) መመሪያ ቁጥር 202 የሚጠይቀው በጥቅሉ ይኸው ነው።

ጉዱ የሚወጣው ቆጠራው ላይ ነው። ያኔ ሁሉም ጣቱን ኬሚካሉ ላይ ይቀስራል። እኔ ግን «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» የሚለውን በዚህ ሙከራ ቃል በቃል እወስደዋለሁ፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ኬሚካሉ ሳይጨመር በፊት በውሃው፣ በዕቃው ወይም በእርባታው ውስጥ ተቀምጦ የቆየ ነው። ከታች ያሉትን ምልክቶች በማንኛውም ቅደም ተከተል ማንበብ ይቻላል፤ የመጀመሪያውን ግን ማንም አይዝለለው።

ችግር፦ ኬሚካል በሌለበት ውሃ ውስጥ ያሉት መዋኘት አቆሙ

ኮንትሮሉ፣ ማለትም ለማወዳደሪያ የተቀመጠው ኬሚካል የሌለበት ውሃ፣ ውስጥ መዋኘት ያቆሙት ከ10 በመቶ ካለፉ ሙከራው ዋጋ የለውም። በ20 ጫጩት ሲሰላ ሁለት ይፈቀዳል፣ ሦስተኛው ሙከራውን ይጥለዋል። ቁጥሩን በሒሳብ አስተካክሎ ለማዳን መሞከር ራስን ማታለል ነው፤ ድገሙት።

ከመድገም በፊት ግን የታገዱት፣ ማለትም መዋኘት ያቆሙት፣ የት እንደሆኑ ይታይ። ብዙውን ጊዜ 20ዎቹ በአራት ቢከር (የላቦራቶሪ ብርጭቆ) አምስት አምስት ሆነው ይከፈላሉ። ሦስቱም የታገዱት በአንድ ቢከር ውስጥ ከሆነ ተጠርጣሪው ዕቃው ነው፦ በደንብ ያልታጠበ ሳሙና፣ ካለፈው ሙከራ የተረፈ ብረት ወይም ፀረ ተባይ። መፍትሄው ዕቃውን ብረት ለማስለቀቅ በተበረዘ አሲድ፣ ዘይትነት ያለውን ለማስለቀቅ በአሴቶን ማጠብ፣ በመጨረሻም በተጣራ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው። ለዚህ ሙከራ የሚውል ዕቃ ለሌላ ሥራ ባይውል ይመረጣል። አንድ ጊዜ ለሳምንት ያህል ውሃ ስንወቅስ ከርመን፣ ጥፋተኛው ቢከሮቹ እንዴት እንደሚታጠቡ ሳይነገረው የመጣ አዲስ ሰውና አረፋው የበዛ ሳሙና ሆኖ ተገኘ።

የታገዱት በአራቱም ቢከር ተበታትነው ከሆነ ግን ነገሩ ወይ ውሃው ወይ እንስሳቱ ናቸው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይይዛል፤ ለብዙ ሰዓት አየር ቢነፋበት ክሎሪኑ ይወጣል። ክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ) ከሆነ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። በመዳብ ቱቦ ያለፈ ውሃ ደግሞ ለሰው ምንም ሳይለው ዳፍኒያን ይገድላል፤ መዳብ በሊትር በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮ ግራም ሲደርስ ለእነሱ መርዝ ነው። ጥርጣሬውን ለመቁረጥ አጭሩ መንገድ በራስ እጅ የተዘጋጀ ውሃ አጠገቡ አስቀምጦ ማወዳደር ነው። የአይኤስኦ (የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት) ውሃ የሚባለው አራት ጨው ብቻ ይፈልጋል፤ በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ 294 ሚሊ ግራም ካልሲየም ክሎራይድ (ሁለት ሞለኪውል ውሃ ያለው)፣ 123.25 ሚሊ ግራም ማግኒዝየም ሰልፌት (ሰባት ሞለኪውል ውሃ ያለው)፣ 64.75 ሚሊ ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት እና 5.75 ሚሊ ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ። በአየር ከተነፋ በኋላ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 7.8 አካባቢ ይረጋል። ጫጩቶቹ በዚህኛው ዋኝተው በዚያኛው ከሰመጡ መልሱ ተገኝቷል ማለት ነው።

በሁለቱም ከሰመጡ ወደ እርባታው ይሂዱ። እናቶቹ የሚኖሩበት ውሃ ከሙከራው ውሃ የተለየ ከሆነ፣ ጫጩቶቹ ገና ሲገቡ ይደነግጣሉ። እናቶቹን ቢያንስ ለ48 ሰዓት በሙከራው ውሃና ሙቀት ማቆየት ይህን ያስቀራል።

ኬሚካሉን ለማሟሟት አሟሚ ከተጠቀሙ ሁለት ኮንትሮል ያስፈልጋል፤ አንዱ ውሃ ብቻ፣ ሌላው ውሃና አሟሚ። የተበላሸው ሁለተኛው ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የአሟሚው ነው። ከ0.1 ሚሊ ሊትር በሊትር መብለጥ የለበትም፤ ያለ እሱ መሥራት ከተቻለ ደግሞ ይሻላል።

ችግር፦ ጫጩቶቹ ውሃው ገጽ ላይ ተንሳፍፈው ቀሩ

ይህ መርዝ አይደለም፣ አየር ነው። የጫጩቱ ቅርፊት ውሃ አይወድም፤ አንዴ ከውሃው ገጽ በላይ ከወጣ ከቅርፊቱ ሥር አየር ይገባና በራሱ መመለስ ያቅተዋል። ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አዘዋወሩ ነው። አፉ ሰፋ ያለ ፒፔት ይጠቀሙ፤ ጫፉን ከውሃው ገጽ በታች አስገብተው በዝግታ ይልቀቁ። ከላይ ማንጠባጠብ አይሆንም። የተንሳፈፈ ከተገኘ በጫጩቱ ላይ አንድ ጠብታ ከዚያው ቢከር ውሃ ጣል ሲያደርጉበት ይሰምጣል፤ ይህ ግን ሙከራው ሲጀመር እንጂ በ48ኛው ሰዓት የሚሠራ ጥገና አይደለም።

ችግር፦ ሁለት ሰው ሲቆጥር ሁለት ቁጥር ይወጣል

ሙከራው የሚለካው ሞትን አይደለም። ቢከሩ በቀስታ ከተነቀነቀ በኋላ በ15 ሰከንድ ውስጥ ያልዋኘ ሁሉ «ታግዷል» ተብሎ ይመዘገባል፤ አንቴናው ቢወዛወዝም፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ልቡ ቢመታም። ክርክሩ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ አንዱ ቆጣሪ የሚወዛወዘውን አንቴና አይቶ ያዝንለታል፣ ሌላው ያላንዳች ርኅራኄ ይቆጥረዋል። የኋለኛው ትክክል ነው። ሰዓት መያዝ፣ ቢከሮቹን በኮድ ብቻ መሰየምና ቆጣሪው የትኛው ቢከር ምን ያህል ኬሚካል እንደያዘ እንዳያውቅ ማድረግ ልዩነቱን ያጠበዋል።

ችግር፦ ያ ሁሉ ኬሚካል ገብቶ ሁሉም በደህና ይዋኛሉ

ደስ ከመሰኘት በፊት ኬሚካሉ ውሃው ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ። በሚዛን የተመዘነው መጠንና ዳፍኒያው የቀመሰው መጠን አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። በመጀመሪያና በመጨረሻ ተለክቶ ከታሰበው መጠን 20 በመቶ በላይ ከራቀ፣ ውጤቱ የሚሰላው በተለካው እንጂ በታሰበው አይደለም።

ኬሚካሉ ወዴት ሄደ? በቀላሉ የሚተን ከሆነ ክፍት ቢከር አያቆየውም፤ ዕቃውን እስከ አፉ ሞልተው ይክደኑ፣ በውሃውና በክዳኑ መካከል አየር አይቅር። ውሃ የማይወድ ዘይታማ ነገር ከሆነ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፣ በተለይ ፕላስቲክ ላይ፤ ስለዚህ ብርጭቆ ይጠቀሙ። ውሃው ከታች ዝቃጭ ወይም ከላይ ቅባት ካሳየ ደግሞ ኬሚካሉ ሊሟሟ ከሚችለው በላይ ገብቷል፤ ከዚያ ወዲያ መጠን መጨመር ቁጥር ማሳደግ ብቻ ነው። ዝቃጩ ራሱ ጫጩቶቹን አጣብቆ ሊያቆማቸው ስለሚችል፣ የታየው መታገድ የመርዝ ነው ብሎ መጻፍም አይቻልም።

ለብረት ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ለእርባታ የሚወደዱት ኤም4 እና ኤም7 የተባሉት ውሃዎች ኢዲቲኤ አለባቸው፤ ኢዲቲኤ ብረትን አንቆ ይይዛል፣ ዳፍኒያውም ይድናል። ብረት ሲፈተሽ ኢዲቲኤ የሌለበት እንደ አይኤስኦ ያለ ውሃ ይመረጣል። ሃርድነስ የምንለው የካልሲየምና የማግኒዝየም ጭነትም እንዲሁ የብዙ ብረቶችን ጉዳት ያለዝባል፤ ለዳፍኒያ ማግና በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ ከ140 እስከ 250 ሚሊ ግራም በሊትር ይመከራል። ቁጥሩ ሳይጻፍ የሁለት ላቦራቶሪ ውጤት ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ አሁንም ምንም ካልታየ፣ የተመረጠው እንስሳ ራሱ ለዚያ ኬሚካል ደንታ ቢስ ሊሆን ይችላል። ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባለው ፀረ ነፍሳት ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ለዳፍኒያ ማግና የ48 ሰዓት ኢሲ50 ተብሎ በሰፊው የሚጠቀሰው 85 ሚሊ ግራም በሊትር ሲሆን፣ የውሃ ነፍሳት እጮች ግን በማይክሮ ግራም በሚቆጠር መጠን ይጎዳሉ። ለነፍሳት ተብሎ የተሠራ መርዝ በዳፍኒያ ብቻ ተፈትኖ «ለውሃ ፍጥረታት ደህና ነው» ቢባል አልስማማም። በኦኢሲዲ መመሪያ ቁጥር 235 መሠረት የኪሮኖመስ (ትንኝ መሰል ነፍሳት) እጭ ላይ ተመሳሳይ የ48 ሰዓት ሙከራ መሥራት ይቻላል።

ችግር፦ በአንዱ መጠን ሁሉም ይዋኛሉ፣ በቀጣዩ አንድም አልተረፈም

ይህ ስህተት ላይሆን ይችላል፤ አንዳንድ ኬሚካል ጠባዩ እንዲህ ስለታም ነው። ብዙ ጊዜ ግን መጠኖቹ ተራርቀው ስለተመረጡ ነው። በቅድመ ሙከራ በ1 ሚሊ ግራም በሊትር ምንም፣ በ10 ሁሉም ከሆነ፣ ዋናው ሙከራ በ1.0፣ 1.8፣ 3.2፣ 5.6 እና 10 ይሠራ። መመሪያው ቢያንስ አምስት መጠን ይጠይቃል፤ አንዱ ከሌላው ከ2.2 እጥፍ በላይ እንዳይርቅም ያሳስባል። እንደገና በ3.2 ዜሮ፣ በ5.6 መቶ በመቶ ቢመጣ፣ በፕሮቢት (የመጠንና የጉዳትን ግንኙነት በሚያሰላ የስታቲስቲክስ ዘዴ) መስመር ለመሳብ መታገል አያዋጣም። የሁለቱ ጂኦሜትሪያዊ አማካይ፣ 4.2 ገደማ፣ ኢሲ50 ሆኖ ይጻፋል፤ 3.2 እና 5.6 ደግሞ ወሰኖቹ ናቸው።

ችግር፦ ብዙ ኬሚካል ካለበት ይልቅ ጥቂት ባለበት ብዙ ታገዱ

መጀመሪያ መለያ ጽሑፉን ይመልከቱ፤ ቢከር ተለዋውጦ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ጫጩቶቹን ሲያከፋፍሉ ከብዙ መጠን ወደ ጥቂት በአንድ ፒፔት እየሄዱ ነበር? ሁልጊዜ ከኮንትሮሉ ተነስቶ ወደ ላይ መሄድ ነው። ሦስተኛ፣ ዋናው ሙሙት (ሌሎቹ መጠኖች የሚቀዱበት ወፍራም ድብልቅ) በደንብ ሳይሟሟ ከላዩ ተቀድቶ ሊሆን ይችላል። ቢከሮቹም በመጠናቸው ተራ ሳይሆን በዕጣ ተቀላቅለው ይቀመጡ፤ አለበለዚያ ከማሞቂያው አጠገብ ያለው ጥግ እንደ መርዝ ይቆጠራል። ሙቀቱ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ሆኖ፣ በአንድ ሙከራ ውስጥ ከአንድ ዲግሪ በላይ ወዲያና ወዲህ ማለት የለበትም።

ችግር፦ ኦክስጅኑ ወረደ፣ ፒኤቹ ሸሸ

በ48ኛው ሰዓት በውሃው የሟሟው ኦክስጅን በኮንትሮሉም ሆነ በሌሎቹ ቢያንስ 3 ሚሊ ግራም በሊትር መሆን አለበት። ከዚያ ከወረደ ጫጩቶቹ የታፈኑ እንጂ የተመረዙ ላይሆኑ ይችላሉ። ባክቴሪያ ቶሎ የሚበላው ኬሚካል ይህን ያደርጋል፤ መጨናነቅም እንዲሁ። ለአንድ ጫጩት ቢያንስ 2 ሚሊ ሊትር ውሃ ይድረሰው፤ አየር መንፋት ግን አይፈቀድም።

ፒኤች ከ6 እስከ 9 ባለው ውስጥ ይሁን፣ በሙከራው ጊዜም ከ1.5 በላይ አይለዋወጥ። አሲዳማ ኬሚካል ሲፈተሽ አንዱን ፒኤቹን ሳያስተካክሉ፣ ሌላውን አስተካክለው ሁለቱንም መሥራት ነው፤ የገደለው ኬሚካሉ ይሁን አሲድነቱ የሚለየው ያኔ ነው። አሞኒያ ያለበት ፍሳሽ ሲፈተሽ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወጣ ፒኤቹ ሲያድግ፣ ይበልጥ መርዛማ የሆነው የአሞኒያ መልክ ድርሻው ይጨምራል። ጠዋት ደህና የነበረ ናሙና ማታ ገዳይ የሚሆነው በዚህ ነው።

ችግር፦ የዛሬው ውጤት ካለፈው ጋር አይገጥምም

እርባታውን ጉዳቱ አስቀድሞ በሚታወቅ መርዝ ይፈትኑ። ለዚህ የሚውለው ፖታሲየም ዳይክሮሜት ነው፤ የ24 ሰዓት ኢሲ50ው ከ0.6 እስከ 2.1 ሚሊ ግራም በሊትር መካከል መውደቅ አለበት። ካንሰር አምጪ ስለሆነ ያለ ጓንት አይነካም። ውጤቱ ከዚህ ወሰን ከወጣ ችግሩ በእንስሳቱ ወይም በአሠራሩ ነው፣ ያንን ሳያስተካክሉ ሌላ ኬሚካል መፈተሽ ጊዜ ማባከን ነው።

የታመመ እርባታ ምልክት ይሰጣል፦ ወንዶች ይበዛሉ፣ ጥቁር የእንቁላል ከረጢት የተሸከሙ እናቶች ይታያሉ፣ የመጀመሪያው ውልደት ይዘገያል፣ ቀለማቸው ይለወጣል። መጨናነቅና የምግብ እጥረት ዋነኞቹ ምክንያቶች ናቸው፤ እናቶቹን ማሳሳት፣ የሚመገቡትን አልጌ ማስተካከልና የታመመውን እርባታ በሌላ መተካት ነው። ጤነኛም ቢሆን የመጀመሪያው ውልደት ጫጩቶች ለሙከራ አይወሰዱም። ዕድሜያቸውን ለማረጋገጥ ማታ ጫጩቶቹን በሙሉ አውጥተው ይጣሉ፤ ጠዋት የተገኙት ብቻ በእርግጥ ከ24 ሰዓት በታች ናቸው።