ፍላክ ለማውረድ ዳታ ከመጨረሳችሁ በፊት

የ4 ደቂቃ ዘፈን በሰከንድ 320 ኪሎቢት በሆነ ኤምፒ3 10 ሜጋባይት ገደማ ነው። በፍላክ፣ ማለትም ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ በሚያምቀው የፋይል ዓይነት፣ ብዙ ጊዜ ከ25 ያልፋል። ጆሯችሁ ይለየዋል? ኮምፒውተራችሁ ላይ ፉባር2000 የሚባለው የሙዚቃ ማጫወቻ ካለ ኤቢኤክስ የሚባለውን ማወዳደሪያ ጫኑበት፤ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ሳይነግራችሁ ያስገምታችኋል። ኤምፒ3ውን ራሳችሁ ከዚያው ፍላክ ቀይራችሁ አውጡት። የድምፁ መጠንም እኩል ይሁን፤ ትንሽ ከፍ ያለው ሁሌም ጥራት ያለው ይመስላል፣ ብዙ ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው። ከ16 ሙከራ ቢያንስ 12 ካላገኛችሁ በግምት እየሄዳችሁ ነው። 128 ኪሎቢት ላይ ግን ሲምባሉንና ጭብጨባውን ልብ በሉ፣ ሽው ሽው ይላል። በብሉቱዝ ለምትሰሙማ ፍላኩም በአብዛኛው መንገድ ላይ እንደገና ይታመቃል።