አንድ ኦዲዮግራም፣ ሦስት አንባቢ፦ የመስማት ምርመራ ውጤት ሲተረጎም ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ሦስት ባለሙያዎች አንድን ኦዲዮግራም፣ ማለትም ጆሮ ሊሰማ የቻለውን ዝቅተኛ ድምፅ የሚያሳይ የመስማት ምርመራ ውጤት አይተው የተለያየ ነገር ሲጽፉ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ችሎታቸው ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

ዋናው ስህተት ቁጥሩን ትቶ ስያሜውን ማነጻጸር ነው። የአንድ ሰው ሁለቱም ጆሮዎች በ500 ኸርዝ 20፣ በ1000 ኸርዝ 20፣ በ2000 ኸርዝ 25፣ በ4000 ኸርዝ ደግሞ 60 ዴሲቤል አስመዘገቡ እንበል። ኸርዝ የድምፁን ድግግሞሽ (ቅጥነቱን)፣ ዴሲቤል ጥንካሬውን ይለካል፤ የዴሲቤሉ ቁጥር ሲበዛ መስማቱ ደክሟል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ብቻ የወሰደ ባለሙያ ወደ 22 የሚጠጋ አማካይ ያገኛል፤ እስከ 25 ያለውን ጤናማ በሚያደርገው የቆየ መለኪያ ከሠራ «ጤናማ» ብሎ ይጽፋል። ከ16 እስከ 25 ያለውን «በጣም ቀላል ጉድለት» በሚለው መለኪያ የሚሠራው ባልደረባው በዚያው አማካይ ሌላ ስም ያወጣለታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያቀረበውን ምደባ የተከተለው ሦስተኛው አራተኛውንም ድግግሞሽ ስለሚጨምር አማካዩ 31 ይሆንና «ቀላል የመስማት ጉድለት» ይላል። ሦስቱም በትክክል ደምረዋል። መለኪያው በሪፖርቱ ላይ ካልተጻፈ ግን ይህን ማን ያውቃል? ለእኔ ከስያሜው ልዩነት የሚብሰው፣ በ4000 ኸርዝ ስለታየው ማሽቆልቆል አንድ ቃል ሳይጻፍ ሰውየው «ጤናማ ነህ» ተብሎ መሸኘቱ ነው።

ባለፈው 30 የነበረው ዛሬ 35 ሆነ ብሎ «መስማቱ ቀንሷል» ማለትም የተለመደ ነው። ምርመራው ራሱ በ5 ዴሲቤል እርምጃ ስለሚሄድ፣ የአንድ እርምጃ ልዩነት ከተመርማሪው ድካም ወይም ከጆሮ ማዳመጫው አቀማመጥ ሊመጣ ይችላል።

የሁለቱ ጆሮዎች ውጤት በእጅጉ ሲራራቅ፣ ደህናው ጆሮ የምርመራውን ድምፅ እንዳይሰማ ማስኪንግ በሚባል መሸፈኛ ድምፅ ተሸፍኖ እንደነበር ሳያረጋግጡ መተርጎም አደገኛ ነው። በደካማው ጆሮ ስም የተመዘገበው ምላሽ የደህናው ሊሆን ይችላል።

ቲምፓኖግራም (የጆሮ ታምቡር ለአየር ግፊት ለውጥ የሚሰጠውን ምላሽ የሚያሳይ ግራፍ) ላይ ጠፍጣፋ መስመር አይቶ ወዲያው «ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ አለ» ማለት ሌላው ችኮላ ነው። ከመስመሩ አጠገብ የተጻፈው የጆሮ ቀዳዳ መጠን መታየት አለበት፦ መጠኑ የተለመደው ከሆነ ፈሳሽ ያስጠረጥራል፤ በጣም ከበዛ የታምቡር መቀደድን፣ በጣም ካነሰ ደግሞ ኩክን ወይም የመሣሪያው ጫፍ ከቀዳዳው ግድግዳ ጋር መጋጠሙን ይጠቁማል።

ሁለተኛ አስተያየት የሚጠየቅ ባለሙያ የመጀመሪያውን አስተያየት ቀድሞ እንዲያነብ ማድረግም አይገባም። ካነበበው በኋላ የሚሰጠው ስምምነት ዋጋው ትንሽ ነው። የሕመሙ ታሪክ ለሕክምናው አስፈላጊ ነው፤ የሌላው ሰው ፍርድ ግን ቢቆይ ይሻላል።

በመጨረሻ፣ «90 በመቶ ተስማምተዋል» በሚል ቁጥር መርካት። ሁለት ባለሙያዎች ካዩዋቸው 100 ውጤቶች ውስጥ ሁለቱም 85ቱን ጤናማ፣ 5ቱን ጉድለት ያለባቸው ቢሉ፣ በቀሩት 10 ላይ ቢለያዩና እያንዳንዳቸው በ5 ላይ ብቻቸውን ጉድለት ቢያዩ፣ ስምምነቱ በእርግጥ 90 በመቶ ነው። ነገር ግን ቢያንስ አንዳቸው ጉድለት ካዩባቸው 15 ውጤቶች የተስማሙት በ5ቱ ብቻ ነው። ካፓ የሚባለው ስሌት በአጋጣሚ የሚገኘውን ስምምነት ሲቀንስ 0.44 ብቻ ይቀራል፤ ሙሉ ስምምነት 1 ነው።